የጣና ነጭ አሳ እና ማይክሮ አርኤንኤ፦ አዲስ ጂን ከየት ይመጣል?

የሽምብጥ ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። እዚሁ ባህር ዳር ባዮሎጂ የምማር ነኝ። የሴሚናር ርዕስ አስገብቼ ነበር። አሁን ሳየው ትልቅ ሆነብኝ፤ እናንተን ላስቸግር መጣሁ።

ጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ። ላቤዮባርበስ የሚባለው ወገን ነው። አንዱ ከንፈሩ ያበጠ ይመስላል። አንዱ አፉ ሰፊ ነው፣ ሌላ አሳ እያሳደደ ይበላል። ሌላው ከስር እየለቀመ ይኖራል። ሁሉም ግን ከአንድ የወንዝ አሳ ዘር የመጡ ናቸው ይባላል። ክፍል ውስጥ የተነገረን "የፕሮቲን ጂኖቻቸው ያን ያህል አይራራቁም፤ የሚለየው ጂኑ መቼና የት እንደሚሠራ ነው" የሚል ነው። እኔም ቸኩዬ ርዕሴን "ማይክሮ አርኤንኤ የጣናን ነጭ አሳ እንዴት እንዳበዛ" አልኩት።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። አዲስ የማይክሮ አርኤንኤ ጂን ከየት ይመጣል? ብዙ ያለው እንስሳ ይበልጥ ውስብስብ ነው የሚባለው እውነት ነው? የኛ አሳዎችስ? መምህራን ካላችሁ አደራችሁን፣ ቀለል ባለ አማርኛ።

---

አባይ ማዶ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡52

ርዕሱን ሳነብ ራሴን አመመኝ 😅 ግን ቦታ ይዣለሁ። ቀጥሉ።

---

ነጭ ጋውን · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

የሽምብጥ ልጅ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው። ርዕስሽ ላይ ያለችው "እንዳበዛ" የምትል ቃል ግን ጣጣ ታመጣብሻለች። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ለሌሎቹ ቤተሰቦች። ማይክሮ አርኤንኤ 22 ፊደል ገደማ ያላት አጭር አርኤንኤ ናት። ፕሮቲን አትሠራም። ሥራዋ የሌሎች ጂኖችን መልእክት፣ ማለትም ፕሮቲን እንዲሠራበት የሚወጣውን የአርኤንኤ ቅጂ፣ መቀነስ ነው። የመጀመሪያዋ ሊን-4 ናት። በ1993 (በፈረንጆቹ) ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭኩን አንድ ሚሊሜትር በምታህል ትል ላይ ሲሠሩ ነው የወጣችው። የአምብሮስ ቤተ ሙከራ ጂኑን ሲያገኘው ፕሮቲን የሚሠራ ሆኖ አልተገኘም። የራቭኩን ቤተ ሙከራ ደግሞ ሊን-14 የሚባለውን ጂን ያጠና ነበር። ሁለቱ ፊደላቸውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ፣ ሊን-4 ከሊን-14 መልእክት ጅራት ጋር የምትጣበቅ ሆና ተገኘች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው "የትሏ ጉዳይ ነው" ብሎ ተወው። በ2000 ግን ሌት-7 መጣች። እሷን ሰው ውስጥም፣ ዝንብ ውስጥም፣ አሳ ውስጥም አገኟት። ትሏ ውስጥ ያለችው ሌት-7 እና ሰው ውስጥ ካሉት አንዷ በ22ቱም ፊደል አንድ ናቸው። ሁለቱን እንስሳት የሚለያቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። አምብሮስና ራቭኩን በ2024 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ቆየ፣ ግን ደረሰ።

አሠራሩን በአጭሩ። ጂኑ ሲነበብ ረጅም አርኤንኤ ይወጣል። የተወሰነው ክፍል ታጥፎ ራሱ ላይ ይጣበቃል። ድሮሻ የሚባል ኢንዛይም በሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ሥሩን ይቆርጠዋል። ወደ ውጭ ሲወጣ ዳይሰር ጫፉን ይቆርጣል። ከቀሩት ሁለት ክንዶች (የእጥፋቱ ሁለት ጎኖች) አብዛኛውን ጊዜ አንዱ አርጎኖት የሚባል ፕሮቲን ላይ ይጫናል። የተጫነው ክንድ ከ2ኛው እስከ 8ኛው ፊደል ያለው ክፍል "ዘር" ይባላል። መልእክቱን ፈልጎ የሚይዘው በዋናነት ይሄ ነው። ሰባት ፊደል! ይህን ያዢልኝ፤ የዝግመተ ለውጡ ነገር በሙሉ እዚህ ላይ ነው የሚዞረው።

---

ጀልባ 7 · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

እኔ አሳ አስጋሪ ነኝ፣ ሳይንሱን አላውቅም። አሳውን ግን አውቀዋለሁ። ነጭ አሳ ሁሉ አንድ አይደለም። ክረምት ሲገባ ግማሹ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሽቅብ ይወጣል፣ ጠጠር ላይ ይጥላል። ግማሹ ከሐይቁ ንቅንቅ አይልም። ገበያ ላይ በአንድ ዋጋ ስለሚሸጥ ነው ከተማ ያለው ሰው አንድ የሚመስለው።

አንድ ነገር ንገሩኝ። ነጭ አሳ ጥርስ የለውም። እንዴት ነው አሳ የሚበላው?

---

ነጭ ጋውን · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

ጋሼ፣ ይሄን ጥያቄ ብዙ ተማሪ አይጠይቀውም። እውነት ነው፤ የነጭ አሳ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። አሳ በላ ለመሆን የማይመች ቤተሰብ ነው። ሆኖም ከጣናዎቹ 15 ውስጥ ስምንቱ ዋና ምግባቸው አሳ ነው። ተመራማሪዎች ጣናን የሚያደንቁት አንዱ በዚህ ነው። ከታች ጢስ አባይ ፏፏቴ ስላለ ከታችኛው አባይ አሳ ወደ ላይ አይወጣም። በሐይቁ ውስጥ የአሳ በላው ቦታ ብዙም ባለቤት አልነበረውም። ያዙት።

---

የዳንግላ ልጅ · ረቡዕ፣ ቀን 7፡20

አዲስ ጂን ከየት ይመጣል ለሚለው እኔ ልሞክር። የማስተርስ ሥራዬ በዚህ ዙሪያ ነበር፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አዲስ የፕሮቲን ጂን ከምንም መወለድ ከባድ ነው። መነሻ ያስፈልገዋል፣ መድረሻ ያስፈልገዋል፣ መሃሉ መበላሸት የለበትም። የማይክሮ አርኤንኤ ጂን ግን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሲነበብ የሚታጠፍ አርኤንኤ። ጥጥ የሚፈትል ሰው ያውቀዋል፤ ክር ከመጠን በላይ ከከረረና ከላላ ራሱ ላይ ይጠመዘዛል። ማንም አላዘዘውም። አርኤንኤም እንዲሁ ነው። በሰው ጂኖም (ሙሉው ዲኤንኤ) ውስጥ ሊታጠፉ የሚችሉ ቦታዎች በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት። አብዛኞቹ አይነበቡም። ከተነበቡትም አብዛኞቹን ድሮሻ ዞር ብሎ አያያቸውም። ጥቂቶቹ ግን በአጋጣሚ ይያዛሉ።

የት ይወለዳሉ? አንዱ ቦታ ኢንትሮን ነው፣ ከጂን ውስጥ ተቆርጦ የሚጣለው ክፍል። ከባለቤቱ ጂን ጋር አብሮ ስለሚነበብ የራሱ ማስነሻ (ንባቡን የሚያስጀምር ዲኤንኤ) አያስፈልገውም። ሌላው ትራንስፖዞን ነው፣ በጂኖም ውስጥ ራሱን እያባዛ የሚዘል ዲኤንኤ። ሁለት ቅጂዎቹ ፊትና ጀርባ ተገናኝተው ከወደቁ ጥሩ እጥፋት ይሆናሉ። ሦስተኛው ደግሞ ነባሩ ጂን ራሱ ነው። በጀርባው በኩል ሲነበብ ሌላ እጥፋት ይሰጣል። ዝንብ ላይ ኢያብ-4 የሚባለው ቦታ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። የሚቆጣጠራቸውም አካልን ከራስ እስከ ጅራት የሚያደራጁትን ሆክስ ጂኖች ነው።

ያለውን ጂን መለወጥም ይቻላል። ቅድም ሁለት ክንድ ተብሏል አይደል? አንዳንድ ጊዜ በአንድ እንስሳ የግራው ክንድ ይሠራል፣ በሌላው የቀኙ። ሚር-10 ለዚህ ይጠቀሳል። በፍራፍሬ ዝንብና በዱቄት ጥንዚዛ አንድ ጂን ነው፤ በብዛት የሚሠራው ክንድ ግን ተገላብጧል። ዘሩ ሌላ ስለሆነ የሚይዘው መልእክትም ሌላ ነው። ከዚህም ያነሰ ለውጥ አለ። ኢንዛይሙ አንድ ፊደል ወደ ፊት ፈቀቅ ብሎ ከቆረጠ ዘሩ ይዛወራል። ዲኤንኤው ላይ ብዙ ነገር ሳይነካ አዲስ መልእክት የሚያሳድድ ማይክሮ አርኤንኤ ተገኘ ማለት ነው።

እና መወለድ ርካሽ ነው። መቆየት ነው ውዱ። አዲስ የተወለደው በትንሹ ነው የሚነበበው፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሕብረ ሕዋስ ብቻ፤ በተለይ በወንዴ ፍሬ ውስጥ ብዙ አዳዲሶች ይገኛሉ። በብዛት ቢነበብ ኖሮ የማያገባውን መልእክት ሁሉ ያዳፍን ነበር፤ የተፈጥሮ ምርጫም ቶሎ ያጠፋዋል። በትንሹ እየተነበበ ቆይቶ፣ የሚጎዱት መልእክቶች በሚውቴሽን እየራቁት፣ የሚጠቅሙት እየተጠጉት ከሄዱ ያኔ ይሰነብታል። አብዛኞቹ እዚያ ሳይደርሱ ይጠፋሉ።

የቆዩት ደግሞ አይነኬ ናቸው። በ2009 (በፈረንጆቹ) ሚር-96 ላይ የታየውን ብቻ ልንገራችሁ። ዘሩ ውስጥ አንድ ፊደል ተቀይሮባቸው መስማት ቀስ በቀስ የሚያጡ ቤተሰቦች ተገኙ። አይጥ ላይም በዚያው ዘር ውስጥ የአንድ ፊደል ለውጥ ተመሳሳይ ነገር አደረገ። አንዲት ፊደል ናት።

---

አባይ ማዶ · ረቡዕ፣ ቀን 8፡00

ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። እንዲህ ቢያስተምሩን ኖሮ አካውንቲንግ አልገባም ነበር።

---

ቀበሌ 14 · ረቡዕ፣ ማታ 1፡10

የዳንግላ ልጅ በጣም ቆንጆ። ግን "ውስብስብነት" የሚለው ጥያቄ ተዘለለ። እኔ እውነት ነው ባይ ነኝ።

አስቡት። ስፖንጅ የሚባለው የባህር እንስሳ ያሉት ማይክሮ አርኤንኤዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ግራና ቀኝ ያላቸው እንስሳት ሲነሱ ወደ 30 የሚጠጉ አዳዲስ የማይክሮ አርኤንኤ ቤተሰቦች አንድ ላይ መጡ። የጀርባ አጥንት ያላቸው ሲነሱ ደግሞ ሌላ ትልቅ ጭማሪ። ከዚያ ኦክቶፐስ። ቀንድ አውጣና ኦክቶፐስ ዘመዳሞች ናቸው፤ ኦክቶፐስ ግን ማሰሮ ይከፍታል። በ2022 የወጣው ጥናት ኦክቶፐስና ዘመዶቹ ላይ የማይክሮ አርኤንኤ ቁጥር እጅግ ማደጉን አሳየ። የሚነበቡትም በብዛት በነርቭና በአንጎል ነው። ይሄ ሁሉ አጋጣሚ ነው?

---

ነጭ ጋውን · ረቡዕ፣ ማታ 2፡25

ቀበሌ 14፣ የጠቀስከው ሁሉ ልክ ነው፤ የምትደርስበት መደምደሚያ ላይ ነው የማልስማማው።

ከታች እንጀምር። ስፖንጅ ማይክሮ አርኤንኤ አለው፣ ግን ከኛዎቹ ጋር ዝምድና የለውም። ለብቻው የመጣ ነው የሚመስለው። የባህር አነሞኒም አሉት፤ ከኛ ጋር የሚጋራው ግን ሚር-100 የምትባለዋን ነው። ኮምብ ጄሊ የሚባለው እንስሳ ነርቭ አለው፣ ጡንቻ አለው፣ ያድናል። ማይክሮ አርኤንኤ ግን አልተገኘበትም፤ ድሮሻ እንኳ የለውም። ነርቭ ለመሥራት የግድ አያስፈልግም ማለት ነው።

መጥፋትም አለ። የኮሶ ትልን የመሰሉ ጥገኛ ጠፍጣፋ ትሎች ከቅድመ አያቶቻቸው የወረሷቸውን ብዙ ቤተሰቦች ጥለዋል። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ቆጠራው ነው። ሚርቤዝ የሚባለው መዝገብ 22ኛ እትሙ ላይ ከ271 ዓይነት ፍጥረታት 38,589 እጥፋቶች መዝግቧል። ለሰው ብቻ ከ1,900 በላይ። ሚርጂንዲቢ የሚባለው ሌላ መዝገብ ግን እያንዳንዱን በመስፈርት አጣርቶ ለሰው የተቀበለው ከ600 በታች ነው። የቀሩት ምንድን ናቸው? ብዙዎቹ የተሰበረ ሌላ አርኤንኤ ናቸው። የማስነበቢያ ማሽኑ ጥልቅ ባነበበ ቁጥር ፍርስራሹም አብሮ ይነበባል። ብዙ የተጠና እንስሳ ብዙ ማይክሮ አርኤንኤ ያለው ይመስላል። ሰውና አይጥ በብዛት ስለተጠኑ ብቻ "ውስብስብ" የሚሆኑበት ግራፍ አይቻለሁ። ተማሪዎች ስላይድ ላይ ሲለጥፉት ዝም ማለት አልችልም።

ኦክቶፐስ ግን በተጣራ ቆጠራ የመጣ ስለሆነ እሱን እቀበልሃለሁ። አብሮ ሄዷል። አመጣው ለማለት ግን ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል።

---

ቀበሌ 14 · ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

ኮምብ ጄሊው አሸነፈኝ። ኦክቶፐሱን ግን አልለቅም 😂

---

በግ ተራ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡15

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስለ ማይክሮ አርኤንኤው ብቻ አወራችሁ፤ ዒላማውስ? ጂኑ ሳይነካ መልእክቱ ሊለወጥ ይችላል።

ቴክሰል የሚባል የአውሮፓ በግ አለ፣ ጭኑና ወገቡ በሥጋ የተሞላ። በ2006 (በፈረንጆቹ) ምክንያቱ ወጣ። ጡንቻ እንዳያድግ የሚገታ ማዮስታቲን የሚባል ጂን አለ። የቴክሰሉ ማዮስታቲን ፕሮቲኑ ደህና ነው። መልእክቱ ጅራት ላይ ግን አንዲት ፊደል ከጂ ወደ ኤ ተቀየረች። ይቺ ፊደል ለሚር-1 እና ለሚር-206 ማረፊያ ፈጠረች። ሁለቱ ደግሞ ጡንቻ ውስጥ ሞልተዋል። ማዮስታቲኑን ቀነሱት፣ ጡንቻው በለጠ።

ሚር-1 ከዝንብ እስከ ሰው ጡንቻ ውስጥ ያለች አሮጊት ናት። አልተለወጠችም። አዲስ ነገር የመጣው በዒላማው በኩል ነው። የዋሸራ በግ እንዲህ ቢሆንልን ለፋሲካ ዋጋው ምን ይሆን ነበር?

---

የሽምብጥ ልጅ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጉ ለሴሚናሬ ገብቷል። መምህር፣ አንድ ነገር ይጨምሩልኝ። ነጭ አሳ ክሮሞዞሙ 150 ገደማ ነው፣ ስድስት እጥፍ ጂኖም ያለው ይባላል። ዘመዱ ዜብራፊሽ 50 ነው ያለው። ታዲያ ማይክሮ አርኤንኤዎቹም አብረው ተባዝተዋል ማለት አይደለም?

---

ነጭ ጋውን · ሐሙስ፣ ቀን 6፡30

ይሄ ነው ትክክለኛው በር። በአዲስ መወለድ ብቻ አይደለም የሚበዙት፤ በመባዛትም ነው። ጂኖም እጥፍ ሆኖ ሲባዛ ሁሉም ጂን ቅጂ ያገኛል። የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት መነሻ ላይ ሁለት ጊዜ ተባዝቷል። እኛ አራት የሆክስ ስብስብ ያለን ለዚህ ነው። ሚር-10 እና ሚር-196 በእነዚያ ስብስቦች ውስጥ ተቀምጠው አብረው ተባዝተዋል። የአብዛኞቹ አሳዎች ቅድመ አያት ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ አባዛ።

ከተባዛ በኋላ የፕሮቲን ጂኖች ቅጂ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ማይክሮ አርኤንኤዎች ግን ይሰነብታሉ። ምርጡ ምሳሌ ሬይንቦ ትራውት ነው፣ በባሌ ወንዞች የተለቀቀው። ጂኖሙ ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ለአራተኛ ጊዜ ተባዛ። በ2014 ሲታይ ከተባዙት የፕሮቲን ጂኖች ግማሾቹ አንድ ቅጂያቸውን አጥተዋል። የማይክሮ አርኤንኤ ጂኖች ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል በጥንድ ቀርተዋል። ምክንያቱን በእኔ እይታ ልንገርሽ። ጂኑ አጭር ስለሆነ ሚውቴሽን የሚያገኘው ዕድል ያንሳል። ዒላማዎቹም አብረውት ተባዝተው መጠኑን ይፈልጋሉ።

ቅጂ በአንድ ቦታ ተደርድሮም ይበዛል። ዜብራፊሽ ላይ ሚር-430 በብዙ ቅጂ የተከመረ ነው። ሥራው ፅንሱ የራሱን ጂን ማንበብ ሲጀምር ከእናቱ የወረሰውን መልእክት ማጽዳት ነው። በጥቂት ሰዓት ብዙ መልእክት ማጥፋት ስላለበት መከመሩ ጠቀመው።

---

የዳንግላ ልጅ · ሐሙስ፣ ቀን 7፡10

ቀረሶን አትርሱት። በ2014 የአምስት የምሥራቅ አፍሪካ ሲክሊድ አሳዎች ጂኖም ታትሟል፤ አንዱ የናይል ቲላፒያ ነው፣ ገበያችን ላይ ቀረሶ የምንለው። የቪክቶሪያና የማላዊ ሐይቅ አሳዎች እንዴት በመቶዎች እንደበዙ ለማየት ነበር የተሠራው። አዳዲስ ማይክሮ አርኤንኤዎች ተገኝተዋል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ተደርገዋል። ግን አንዱ ብቻ! የጂን መባዛት፣ የፕሮቲን ለውጥ፣ ማስነሻ አጠገብ የወደቁ ትራንስፖዞኖች፣ በፊት የነበረ የጂን ልዩነት፣ ሁሉም ተዘርዝረዋል። አንድ ጀግና አልተገኘም። ለነጭ አሳም አንድ ጀግና አትፈልጊ።

---

ነጭ ጋውን · ሐሙስ፣ ቀን 7፡25

ለዚህ ነው "እንዳበዛ" ያልወደድኩት። ርዕሱን "በተባዛ ጂኖም ውስጥ የማይክሮ አርኤንኤ ቅጂዎች ዕጣ፦ ከትራውት ወደ ጣና ነጭ አሳ" በይው። ጠባብ ነው፣ ግን የሚመለስ ጥያቄ አለው።

---

የሽምብጥ ልጅ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡00

ቀየርኩት። የመጨረሻ ጥያቄ። ወደፊት ናሙና ብወስድ ከክንፍ ቁራጭ ይበቃል? አዲስ ያገኘሁት እውነተኛ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

---

የዳንግላ ልጅ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡35

ክንፍ ለዲኤንኤ ይበቃል። ለዚህ አይበቃም። አዳዲሶቹ በአንድ ቦታና በአንድ ዕድሜ ብቻ ስለሚነበቡ፣ የአፍ ልዩነት ከፈለግሽ የጫጩት አሳ መንጋጋና ከንፈር ያስፈልግሻል። አንጎልና ወንዴ ፍሬም ጨምሪ። አርኤንኤ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ ማቆያ ፈሳሹን ይዘሽ ሂጂ፣ "ባህር ዳር ስደርስ" አትበይ።

እውነተኛነቱን በእጥፋቱ ታውቂያለሽ። ከሁለቱም ክንድ ንባብ (ማሽኑ ያነበበው የአርኤንኤ ቁራጭ) መምጣት አለበት። የፊተኛው ጫፍ ንባብ በንባብ አንድ ቦታ መጀመር አለበት፤ የተበታተነ ከሆነ ፍርስራሽ ነው። ሁለቱ ክንዶች ሲገጠሙ በየጫፋቸው ሁለት ሁለት ፊደል ትርፍ ይኖራቸዋል፣ ይሄ የድሮሻና የዳይሰር አቆራረጥ ምልክት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሰርዢው፣ ምንም ያህል ብትወጂው። የጂኖሙ ስድስት እጥፍ መሆንም ያስቸግርሻል፤ አንድ ንባብ ብዙ ቅጂ ላይ ልክ ይገጥማል። ቅጂዎቹን የምትለዪው በ22ቱ ፊደል ሳይሆን በዙሪያቸው ባለው ዲኤንኤ ነው።

---

ጀልባ 7 · ሐሙስ፣ ማታ 2፡10

ልጄ፣ ጫጩቱን ከፈለግሽ ከክረምቱ ማብቂያ ወዲህ ወደ ጉማራ ነይ፣ ጠጠሩ ያለበትን እኔ አሳይሻለሁ። ግን ከትምህርት ቤትሽ ወረቀት ይዘሽ ነይ። አሳው በሚራባበት ወቅት ወንዝ አፍ ላይ መረብ ይዞ የታየ ሰው ከሰፈሩ ጋር ይጣላል፣ ልክም ናቸው። መረቡም ያ ቀጭኑ ላስቲክ እንዳይሆን፤ የጨረሰን እሱ ነው።